ከዋናው ቤት በፊት አንድ ክረምት በሰርቪስ

በባሕር ዳር ወይም በጣና ዳርቻ ቦታ ይዛችሁ ቤት ለመሥራት የምታስቡ በውጭ አገር ያላችሁ ወገኖቼ፣ ብዙዎቻችሁ በሦስት ወር ፈቃድ መጥታችሁ መሠረቱን ካስወጣችሁ በኋላ የቀረውን ለወንድም ወይም ለአጎት በውክልና ትታችሁ ለመመለስ እንደምታቅዱ አውቃለሁ። እኔም አስቤ የመጣሁት እንዲሁ ነበር። ሆኖም ከባለቤቴ፣ ከሁለቱ ልጆቻችንና ከእናቴ ጋር ሁለት ዓመት ከአራት ወር ከዋናው ቤት ተለይታ በዚያው ግቢ በምትሠራ ትንሽ ባለ ሁለት ክፍል ቤት፣ ማለትም በሰርቪስ ውስጥ ተቀምጠን ዋናውን ቤት ከጨረስን በኋላ፣ ለጠየቀኝ ሁሉ የምመክረው አንድ ነገር ነው፤ መጀመሪያ ሰርቪሱን ሥሩ፣ ግቡበት፣ አንድ ሙሉ ክረምት ኑሩበት፣ የዋናውን ቤት መሠረት ከዚያ በኋላ አስቆፍሩ።

ይህን የምለው ስለ መሬቱ ነው። በባሕር ዳርና በዙሪያዋ ብዙ ቦታ ጥቁር ዋልካ አፈር ነው፤ ዋልካ በበጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል። ግቢያችንን በመጋቢት ስናየው መሬቱ ትንሿ ልጄ እጇን እስከ አንጓዋ የምታስገባበት ስንጥቅ ነበረው። በሐምሌ ደግሞ የሰርቪሱ በር ከመቃኑ ጋር ተጣብቆ አልዘጋ ስላለን አናጺው ሁለት ጊዜ በመላጊያ ፋቀልን፤ ኅዳር ሲገባ በዚያው በር ጠርዝ ብርሃን ይታይ ጀመር። ይህን በዓይኑ ያላየ ሰው መሐንዲሱ «ዋልካው ይውጣና በሰሌክት (በማያብጥ፣ ተመርጦ በሚመጣ አፈር) ይሞላ» ሲለው ወጪ ለማብዛት የሚናገር ይመስለዋል። እኛ ግን በሩን ስላየን ዋልካው እስኪያልቅ አስቆፍረን፣ ሰሌክት ማቴሪያሉ በየንብርብሩ ውኃ እየጠጣና እየተጠቀጠቀ እንዲሞላ ስናዝዝ አላመነታንም።

የውኃውም ነገር እንዲሁ ነው። ባለቤቴ ከባድ ዝናብ በጣለ ቁጥር በግቢው የተኛው ውኃ የደረሰበትን ከፍታ በበረንዳው ግድግዳ ላይ በከሰል ታሰምርና ቀኑን ትጽፍበት ነበር። ከሁሉ ከፍ ያለችው መስመር የነሐሴ ናት፤ በዚያች ሌሊት ውኃው ከወለላችን በላይ አራት ጣት ያህል ገብቶ የልጆቹን ፍራሽ አራሰው። ጥፋቱ የኔ ነበር። «ጊዜያዊ ቤት ነው» ብዬ የሰርቪሱን ወለል ከግቢው አፈር 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ አስነሥቼ ነበርና። የዋናውን ቤት ወለል ከዚያች የከሰል መስመር 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርገን አስወጣነው፤ የጎርፍ መውረጃውንም ያስቀየስነው ውኃው ራሱ ባሳየን መንገድ ነው። መስመሯ ባትኖር ኖሮ ይህን ልክ ከየት እናመጣው ነበር?

ለሐይቁ ቅርብ የሆነ ቦታ የያዛችሁ ደግሞ የሴፕቲክ ታንኩን፣ ማለትም የመጸዳጃ ፍሳሽ ማጠራቀሚያውን ነገር በበጋ አትወስኑ። ጣና ከፍተኛው ልኩ ላይ የሚደርሰው ዝናቡ በሚበረታበት በሐምሌና በነሐሴ ሳይሆን፣ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ የክረምቱን ውኃ አምጥተው ከጨረሱ በኋላ በመስከረምና በጥቅምት ነው፤ በዳርቻው ያለው የከርሰ ምድር ውኃም አብሮት ከፍ ይላል። በሚያዝያ ተቆፍሮ ደረቅ የተገኘ ጉድጓድ በመስከረም ውኃ ቋጥሮ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ የሙከራ ጉድጓድ አስቆፍራችሁ መስከረምን አሳልፉበት። ፍሳሹ ከከርሰ ምድር ውኃው ጋር ከተገናኘ ጉዳቱ ከግቢያችሁ አጥር ያልፋል፤ ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ ጥብቅ የባዮስፌር ሥፍራነት የተመዘገበ ሐይቅ ነው፣ ዓሣውን የምንበላውም ሁላችንም ነን።

ሰርቪሱን እንደሚፈርስ ዳስ አትሥሩት። በግንባታ ፈቃዱ ፕላን ላይ ከዋናው ቤት ጋር አብሮ ይግባ፤ በግቢው የኋላ ጥግ ይሁን፤ አሸዋና ጠጠር የጫነ ሲኖትራክ የሚያልፍበት መተላለፊያ በጎኑ ይቅር። ግድግዳው ብሎኬት ይሁን፣ መጸዳጃው ከቤቱ ሳይወጡ የሚገባበት ይሁን፣ በተለይ እንደኛ አዛውንት ይዛችሁ ከሆነ። ኮርኒስ ለኋላ የሚተው ነገር መስሎን ነበር፤ በባዶ ቆርቆሮ ሥር ግን የሐምሌ ዝናብ ሲወርድ ሁለት ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ አይሰማማም፣ ቀን ደግሞ ሙቀቱ አያስቀምጥም። ማድ ቤቱን ስታስቡ ከቀትር በኋላ ከሐይቁ ወደ የብስ የሚነፍሰውን ነፋስ ልብ በሉ፤ ጭሱ ወደ መኝታ ክፍሉ እንዳይነዳ ማድ ቤቱ ነፋሱ በሚሄድበት በኩል ይሁን።

በሥራ ቦታ ውስጥ መኖር ለቤተሰብ ከባድ መሆኑን አልሸሽግም። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፤ የብየዳ ማሽኑ ሲሠራ ምጣዱ ከተጣደ ቆጣሪው ይወድቃል፣ ስለዚህ የጋገራውን ቀን ከብየዳ ሠራተኛው ጋር መነጋገር ያስፈልጋል። ሲሚንቶ ከመሬት በጣውላ ከፍ ብሎና ከግድግዳ ርቆ ካልተቀመጠ እርጥበት ስቦ ይደርቃል፤ እኛ አሥራ አንድ ከረጢት እንደ ድንጋይ ሆኖብን ጥለናል። ከሁሉ በላይ የምሰጋው ግን የወባ ነገር ነው። ባሕር ዳር ወባ ያለበት ከተማ ነው፤ በሽታው የሚበረታውም ክረምቱ ሲወጣ ነው። ትንኟ ከእንቁላል እስከ መብረር ለመድረስ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ስለሚበቃት፣ ለግንባታ የተቆፈረና ውኃ የያዘ ጉድጓድ ሁሉ በየሳምንቱ ይደፈን ወይም ይጠረግ፣ ልጆችም ያለ አጎበር አይተኙ።

ያም ሆኖ በቦታው መኖራችን የሰጠንን በገንዘብ አልገዛውም ነበር። አርማታ ከተሞላ በኋላ ቢያንስ 7 ቀን ውኃ መጠጣት አለበት፤ ሠራተኛው ግን ቅዳሜ ተከፍሎት ሄዶ ሰኞ ነው የሚመለሰው። እናቴ እሑድ ከቅዳሴ ስትመለስ ነጠላዋን አደግድጋ፣ በጆንያ የተጠቀለሉትን ኮለኖች አንድ በአንድ በጆግ ስታጠጣ አያት ነበር። በስልክ የሚመራ ሥራ የእሑድ ውኃ አያገኝም።

የወረቀቱን ነገር በአጭሩ ልናገር። የሌላ አገር ዜግነት የያዛችሁ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት የሚሰጠውን የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ቦታ ከመፈለጋችሁ በፊት አውጡ። ውክልና በኤምባሲ ከተሰጠ በኋላ አዲስ አበባ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጥ ስላለበት ጊዜ ይወስዳል፤ ይዘቱም ማስገንባትን እንጂ መሸጥንና ማስያዝን እንዳያካትት ቃል በቃል አንብቡት። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ የፌሮና የሲሚንቶ ግምታችሁን በየምዕራፉ አሳድሱት እንጂ በአንድ ጊዜ ስሌት አትመኩ።

ጊዜውን እንዲህ ብታደርጉት መልካም ነው። የግንባታ ፈቃዱ በመስከረም ከወጣ ሰርቪሱ በጥቅምት ተጀምሮ በጥር ይገባበታል። ክረምቱን ኑሩበት፣ ውኃውን አስምሩ፣ ጉድጓዱን ተመልከቱ። የዋናው ቤት መሠረት አፈሩ ሲጠነክር በኅዳር ይቆፈር፤ ሰኔ ሳይገባም ቆርቆሮው ይልበስ። ገንዘቡ እስከ ጣሪያ የማያደርስ ከሆነ መሠረቱን ለሚቀጥለው ኅዳር አቆዩት፤ በሰርቪሱ አንድ ዓመት መጨመር፣ ጣሪያ ያላየ ግድግዳ ክረምት ሲመታው ከማየት ይቀላል።