ከካልጋሪ ለጻፍክልኝ የ16 ዓመት ተከላካይ

ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። አንድ የዌስተርን ሆኪ ሊግ (የወጣቶች የበረዶ ሆኪ ሊግ) ቡድን ወደ ልምምድ ካምፑ ጠርቶሃል። አሰልጣኝህ «18 ሲሞላህ የኤንኤችኤል ድራፍት ውስጥ ትገባለህ» ይልሃል፤ አባትህ ደግሞ «ቤት ለቀህ የትም አትሄድም፣ መጀመሪያ ትምህርትህ» ብለዋል። የጠየቅከኝ ቡድኖቹ ወጣቶችን እንዴት እንደሚመርጡ፣ ሳያማክሩህ ሊያዛውሩህ ይችሉ እንደሆነና ለአባትህ ምን ብትላቸው እንደሚሻል ነው።

ድራፍት ማለት የሰሜን አሜሪካ ትልቁ የሆኪ ሊግ የኤንኤችኤል ቡድኖች ወጣቶችን በተራ የሚመርጡበት ሥርዓት ነው። በየዓመቱ 32 ቡድኖች በ7 ዙር 224 ወጣቶችን ይመርጣሉ። ቅድሚያው በዓመቱ ደካማ ለነበሩት ቡድኖች ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ቦታዎች ግን በዕጣ ይለያሉ። አሰልጣኝህ ያልነገረህ ይመስለኛል እንጂ ስምህ ቢጠራም በማግስቱ ደመወዝተኛ አትሆንም። ቡድኑ በዚያ ቀን የሚያገኘው አንተን የማስፈረም መብት ብቻ ነው። አብዛኞቹ ልጆች ወደነበሩበት ቡድን ተመልሰው ዓመታት ይጫወታሉ፤ ብዙዎቹም ኤንኤችኤል ውስጥ አንድ ጨዋታ እንኳ ሳያደርጉ ይቀራሉ። በሌላ በኩል ሄንሪክ ሉንድክቪስት በ2000 የተመረጠው 205ኛ ሆኖ ነው፤ ማርቲን ሴንት ሉዊስን ደግሞ ጭራሽ ማንም አልመረጠውም። ሁለቱም የኤንኤችኤል ኮከቦች እንደሆኑ ታውቃለህ።

ስለ ዝውውር የጠየቅከው በአንተው ከተማ የሆነ ታሪክ አለው። የኤድመንተኑ ልጅ፣ አባቱ ናይጄሪያዊ የሆነው ጃሮም ኢጊንላ በ1995 በዳላስ ስታርስ 11ኛ ሆኖ ተመረጠ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ገና 18 ዓመቱ ነው፤ ለዳላስ አንድም ጨዋታ አላደረገም፤ ካምሉፕስ በተባለች የካናዳ ከተማ ከወጣቶቹ ቡድን ጋር ይጫወት ነበር። ካልጋሪ ፍሌምስ ከኮከቡ ጆ ኒውወንዳይክ ጋር በደመወዝ ሳይስማማ ቀርቶ ስለነበር እሱን ለዳላስ ሰጥቶ ኢጊንላን ወሰደ። ዳላስ ዋንጫውን የፈለገው ቶሎ ነበር፤ በ1999 የሊጉን ዋንጫ ስታንሊ ካፕን ሲያነሳ የጥሎ ማለፉ ውድድር ምርጥ ተጫዋች የተባለውም ኒውወንዳይክ ነው። ካልጋሪ ደግሞ ታግሶ ከኢጊንላ 525 ግቦች አገኘ። ወጣት የሚለወጠው ባብዛኛው በዚህ መልክ ነው፤ ዛሬ የሚፈልግ ቡድን ነገን ለሚጠብቅ ቡድን ይሰጣል። ወጣቱን ማንም አይጠይቀውም። አልዛወርም የሚያሰኝ አንቀጽ በውል የሚገኘው ብዙ ዓመት ከተጫወቱ በኋላ ነው።

ኢጊንላ ያን ክረምት የማን ንብረት እንደሆነ መቆጣጠር አልቻለም። ካምሉፕስ ላይ በደንብ መጫወት ግን በእጁ ነበር፤ የወጣቶቹ ውድድር እንዳለቀ ካልጋሪ በ1996 የጥሎ ማለፍ ውድድር ውስጥ አሰለፈው፤ በሁለት ጨዋታም አንድ ግብ አገባ።

አሁን ወደ አባትህ ልምጣ። ስጋታቸው ትክክል ነው፤ ልጃቸውን ከማያውቁት ቤተሰብ ጋር አስቀምጠው እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ነገር ግን አንድ ትልቅ ነገር ተለውጧል። ቀድሞ በዌስተርን ሊግ አንድ ጨዋታ ያደረገ ልጅ የአሜሪካ የኮሌጅ ሆኪ በር ይዘጋበት ነበር። ከኦገስት 2025 ጀምሮ ይህ ክልከላ ተነስቷል። መመረጥም ኮሌጅ አይከለክልም፤ የሚከለክለው ከኤንኤችኤል ቡድን ጋር መፈራረም ነው። ሊጉ ራሱም ለተጫወትክበት ለእያንዳንዱ የውድድር ዓመት የአንድ ዓመት የኮሌጅ ክፍያ ይሸፍናል።

ስለዚህ ካምፕ ከመሄድህ በፊት ከአባትህ ጋር ሆናችሁ የቡድኑን ኃላፊ አነጋግሩት፤ ንግግሩን አባትህ ይምሩት። ትምህርቱን የሚከታተለው ማነው? ረጅም የአውቶቡስ ጉዞ ባለበት ሳምንት ፈተናው እንዴት ይሆናል? የሚያስተናግደውን ቤተሰብ ቀድመን ማየት እንችላለን? የትምህርት ክፍያው በምን ሁኔታ ይቋረጣል፣ በስንት ጊዜ ውስጥስ መጠቀም አለበት? ተጎድቶ መጫወት ቢያቅተውስ? መልሱን በቃል አትቀበሉ፤ በጽሑፍ ይስጧችሁ። ወረቀቱ እንደደረሳችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ለእኔም ላኩልኝ፤ ከአባትህ ጋር በስልክ ገጽ በገጽ እናየዋለን።