ብርሃኑን ከመጨመራችሁ በፊት

የነርቭ ሴልን ኤሌክትሪክ በማይክሮስኮፕ ለማየት የተነሳችሁ ወጣቶች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ምልክቱ አልታይ ሲላችሁ እጃችሁ ቶሎ ወደ ብርሃኑ አይሂድ።

ፈተናውን አውቀዋለሁ። የቮልቴጅ ማቅለሚያ፣ ማለትም የሴሉ ቮልቴጅ ሲለዋወጥ ድምቀቱ የሚለዋወጥ ቀለም፣ የሚሠራው የሴሉ ሽፋን ላይ ተቀምጦ ነው። ሽፋኑ ውፍረቱ ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ስለሆነ ብዙ ሞለኪውል አይዝም። የኤሌክትሪክ ምቱ ደግሞ በአንድ ሚሊሰከንድ አካባቢ ብልጭ ብሎ ያልፋል። እሱን ለመያዝ ካሜራው በሰከንድ 1000 ጊዜ ያህል ማንሳት አለበት። በእያንዳንዱ ምስል ላይ የሚደርሰው ፎቶን በጣም ትንሽ ነው። ምልክቱ ከሁከቱ፣ ማለትም ከምስሉ የዘፈቀደ መዋዠቅ፣ አሁን ካለው በእጥፍ ጎልቶ እንዲታይ ካስፈለገ ብርሃኑ አራት እጥፍ መሆን አለበት። ታዲያ ማን አይጨምርም?

ችግሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ብርሃን ሲበዛ ማቅለሚያው ይደበዝዛል። ከኦክስጅን የሚፈጠሩ ጎጂ ሞለኪውሎችም ሴሉን ያቆስሉታል። የቆሰለ ሴል ግን ወዲያው አይሞትም። ምቱን ይቀጥላል፤ ቀስ በቀስ ግን ምቱ ሊሰፋ፣ ማለትም ረዘም ላለ ጊዜ ሊቆይ ይችላል። እናንተም ባሕርዩ ነው ብላችሁ ትጽፉታላችሁ። በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ምልክት ከጠፋ ቢያንስ መጥፋቱን ታያላችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1973 እነ ብሪያን ሳልዝበርግና ላውረንስ ኮኸን በአልቅት ነርቭ ሴሎች ላይ ምቱን በማቅለሚያ መዝግበው አሳይተዋል። ከዚያ ወዲህ ማቅለሚያው፣ ካሜራው፣ ሁሉም ተሻሽሏል። የፎቶን እጥረት ግን ዛሬም አልለቀቀንም።

ጥያቄያችሁ ከብዙ ሴሎች መካከል የትኞቹ ነቁ የሚል ከሆነ እንደ ጂካምፕ ያለ የካልሲየም ጠቋሚ፣ ማለትም ሴሉ ሲነቃ ወደ ውስጥ የሚገባውን ካልሲየም በድምቀቱ የሚያሳይ ፕሮቲን፣ ይበቃችኋል። ይደምቃል፣ ለካሜራም ይመቻል። ግን ዘገምተኛ ነው፤ ሴሉን ዝም የሚያሰኘውን የቮልቴጅ መውረድም በደንብ አያሳይም። የሚሊሰከንድ ልዩነት ወይም ይህ መውረድ ካስፈለጋችሁ እንደ ማቅለሚያው ወዳለ የቮልቴጅ ጠቋሚ መሄድ ግድ ነው።

ያኔ የሴሉን ቮልቴጅ ያለ ብርሃን በቀጥታ የሚለካውን ኤሌክትሮድ እንደ አሮጌ ዕቃ አትጣሉት፣ አደራ። መጀመሪያ በእሱ ማቅለሚያ ካልነካው ሴል መዝግቡ። ጠቋሚው ራሱ የሽፋኑን ኤሌክትሪክ የመያዝ አቅም ሊለውጥ ይችላልና። ቀጥሎ የተቀባውን ሴል በጨለማ፣ ከዚያ በብርሃን መዝግቡ። የመጀመሪያውን ደቂቃ ምትና የመጨረሻውን ደራርባችሁ ተመልከቱ። ስፋታቸው ከተለያየ ብርሃኑን ቀንሱና በሌላ ሴል እንደገና ጀምሩ፤ ቀኑ ቢመሽባችሁም።