ኬር ፕላኑን ለማን ነው የምትጽፉት?

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው በነርሲንግ ሆም (በአረጋውያንና ሕሙማን መንከባከቢያ) በነርስነትም በረዳትነትም ሥራ ለጀመራችሁ ነው። እኔ ብዙ ዓመት በአሜሪካ ነርሲንግ ሆሞች ሠርቻለሁ። የመንግሥት ተቆጣጣሪ በመጣ ቁጥር ደጋግሞ ሲያስወቅሰን ያየሁት ኬር ፕላን ነው፤ እያንዳንዱ ሰው እንዴት እንደሚታገዝ የሚጻፍበት እቅድ ማለት ነው።

አንዱን ቀን ልንገራችሁ። አንዲት እናት ቅዳሜ ሌሊት ወደቁ። ልጃቸው አቤት አለች፤ ተቆጣጣሪ መጣች። ቻርቱን ይዛ ክፍላቸው ገባች። እዚያ ያለው ኬር ፕላን «በአንድ ሰው ድጋፍ ከአልጋ ይነሳሉ» ይላል። ተቆጣጣሪዋ አልጋ ስታነጥፍ የነበረችውን ረዳት «እንዴት ነው የምታነሷቸው?» አለቻት።

«ለሁለት ሆነን ነው» አለች ልጅቷ። «ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ቀኝ እግራቸው አይችልም።»

ልክ ነበረች። ቀን የሚሠራው ሁሉ ይህን ያውቃል። ወረቀቱ ግን ከስብራቱ በፊት እንደተጻፈ ቀርቷል። ያን ሌሊት ከኤጀንሲ (ጊዜያዊ ሠራተኛ ከሚልክ ድርጅት) የመጣችው ረዳት ወረቀቱን አምና ብቻዋን አነሳቻቸው፤ ተያይዘው ወደቁ። ማስተካከል የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። «ሁሉም ያውቀዋል» ብዬ ተውኩት። ዛሬም ሳስበው ሆዴን ይበላኛል።

እና እባካችሁ ስትጽፉ ያችን የኤጀንሲ ልጅ አስቧት። ስማቸውን እንኳ ሰምታ አታውቅም። ሌሊት ነው፣ የምትጠይቀው ሰው የለም። ያላት ያ ወረቀት ብቻ ነው።

ቀነ ገደቡን ትማሩታላችሁ። አዲስ ሰው በገባ በ48 ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያው እቅድ ይዘጋጃል። ሙሉ ምርመራው በ14 ቀን ያልቃል፤ ከዚያ በ7 ቀን ውስጥ ሙሉው ኬር ፕላን ይጠናቀቃል። ቢያንስ በየ3 ወሩ ይከለሳል። የሰውየው ሁኔታ ሲለወጥ ግን 3 ወር አይጠበቅም፤ ያኔውኑ ነው የሚስተካከለው። ተቆጣጣሪዎች ቀን ሳይናገሩ ነው የሚመጡት፤ ስለዚህ «ሊመጡ ነው» ተብሎ በጥድፊያ የሚሞላ ወረቀት አያድናችሁም።

ቀኑ ተጠብቆም ወረቀቱ ባዶ ሊሆን ይችላል። ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ኮፒ የተደረገ እቅድ ስንት አይቻለሁ! ለመውደቅ ለተጋለጠ ሁሉ «የጥሪ ደወሉ በእጃቸው ይሁን» ተብሎ ይጻፋል። የመርሳት በሽታ ያለባቸው አባት ደወሉ ምን እንደሆነ አያውቁትም እኮ! አንድ እንዲህ ያሉ አባት ነበሩን። ሌሊት 9 ሰዓት ሲሆን ብድግ ይላሉ። ዕድሜ ልካቸውን ዳቦ ጋጋሪ ነበሩ፣ የሥራ ሰዓታቸው ነው። ይህን የነገረችን ሚስታቸው ናት። ደወሉን ትተን «8 ሰዓት ተኩል ላይ ሽንት ቤት ይወሰዱ፣ ጫማቸው አልጋቸው ሥር ይሁን፣ ከተነሱ አብሯቸው የሚሄድ ሰው ይኑር» ብለን ጻፍን። ሰውየውን ያወቀ ወረቀት እንዲህ ነው።

ረዳቶች፣ ለእናንተ ለብቻ አንድ ነገር አለኝ። የአሜሪካ ፌዴራል ደንብ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲሻሻል፣ ሰውየውን የሚንከባከበው ረዳት ኬር ፕላኑን በሚያዘጋጀው ቡድን ውስጥ እንዲኖር በግልጽ አስገብቷል። ስለዚህ «እኔ ምን አገባኝ» አትበሉ። ተረከዛቸው ላይ ቅላት መጀመሩን፣ በግራ በኩል ሲጎርሱ ትን እንደሚላቸው መጀመሪያ የምታዩት እናንተ ናችሁ። ለነርሷ ንገሩ፣ በማግስቱ ወረቀቱ ላይ መግባቱን ጠይቁ።

ነርሶች ደግሞ፣ ለስብሰባው ስትቀመጡ ረዳቷን ጥሩ። «ሥራ በዝቶባታል» ከተባለ፣ እናንተ ክፍሉ ድረስ ሂዱና አልጋውን እያነጠፋችሁላት ጠይቋት።