መልስ፦ እግሯ ታሞ ለነበረች ልጅ ሩጫ ይሆናል ወይ?

ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። ሱሉልታ ያለችው ታናሽ እህትህ 100 ሜትር መሮጥ እንደምትወድ፣ ጎረቤት ግን «በልጅነቱ የታመመ እግር አይሮጥም» እያለ ተስፋ እንደሚያስቆርጣት ጽፈህ፣ አርአያ የምትሆናት ሴት ጠይቀሃል። ስለ ዊልማ ሩዶልፍ ንገራት።

ዊልማ በ1940 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት ከድሃ ጥቁር ቤተሰብ ተወለደች። ለአባቷ ከ22 ልጆች 20ኛዋ ነበረች። ፖሊዮ ግራ እግሯን ስላዳከመው ለዓመታት በብረት ድጋፍ ሄዳለች። እናቷ ለሕክምና በአውቶቡስ ናሽቪል ድረስ ያመላልሷት ነበር፤ ቤት ውስጥ ደግሞ እህትና ወንድሞቿ በየተራ እግሯን ያሹላት ነበር። እኔን ከሜዳሊያዎቹ ሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ይህ የቤተሰብ ትዕግሥት ነው። ይህን ደግሞ አንተም ልትሰጣት ትችላለህ።

በ16 ዓመቷ በሜልበርን ኦሊምፒክ በዱላ ቅብብል ነሐስ አገኘች። በ1960 ሮም ላይ ግን 100 ሜትር፣ 200 ሜትርና 4 በ100 ዱላ ቅብብል አሸንፋ፣ በአንድ ኦሊምፒክ በሩጫ ሦስት ወርቅ የወሰደች የመጀመሪያዋ አሜሪካዊት ሆነች። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶን ያሸነፈው በዚያው ኦሊምፒክ ነው! የትውልድ ከተማዋ ክላርክስቪል አቀባበል ስታዘጋጅላት፣ ነጭና ጥቁር ተለያይቶ የሚቆምበት ከሆነ አልገኝም አለች፤ በዓሉም በአንድነት ተከበረ። በ1962 ሩጫ አቆመች፤ በ1994 አረፈች።

እህትህን አስቀድመህ ለአጥንት ሐኪም አሳያት። ከተፈቀደላት በአስፋልት ላይ ሳይሆን በሣር ሜዳ ትጀምር፤ የሱሉልታ አየር ስስ ስለሆነም በየሩጫው መካከል በደንብ ትረፍ።