በሁለት ድምፅ ለሚሸነፍ ወጣት

ውድ ልጆቼ፣

ሰሞኑን ደሴ ላይ ሻይ ስንጠጣ ከመካከላችሁ አንዱ «አንድ ቀን ምክር ቤት እገባለሁ» ስላለኝ፣ እንዴት እንደሚገባ ሳይሆን እንዴት እንደሚወጣ ልጽፍላችሁ ወደድሁ፤ በጥብቅና በቆየሁባቸው ዓመታት ለሰው የሚከብደው መውጣቱ መሆኑን አይቻለሁና።

ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 54 በምርጫ ክልሉ ከሌሎቹ የበለጠ ድምፅ ያገኘው እጩ ይመረጣል ይላል። ብልጫው አሥር ሺህም ይሁን አንድ፣ ወንበሩ ያው ነው።

በእንግሊዟ ዊንችስተር እ.ኤ.አ. በሜይ 1997 (ከእኛው ዘጠና ሰባት ጋር አታምታቱት) ነባሩ የፓርላማ አባልና የጤና ሚኒስትር ዴኤታ ጄሪ ማሎን በማርክ ኦተን በሁለት ድምፅ ተሸነፈ፤ 26,100 ለ26,098። ማሎን ከሰሰ። አስመራጮች የማረጋገጫ ምልክት ሳያደርጉባቸው በመስጠታቸው ከቆጠራ የወጡ ከሃምሳ በላይ ወረቀቶች ነበሩና ፍርድ ቤቱ ምርጫውን ሻረው። እንደ ጠበቃ ከጠየቃችሁኝ ውሳኔው ትክክል ነበር፤ መራጭ በአስመራጭ ዝንጋታ ድምፁን ሊያጣ አይገባም። ሆኖም በኖቬምበር ምርጫው ሲደገም ኦተን በ21,556 ድምፅ ብልጫ አሸነፈ። ማሎን በሕግ ረትቶ በሕዝብ ተረታ።

ከዚህ ተነሥታችሁ አቤቱታ ነውር ነው እንዳትሉ። ስሕተት ካያችሁ በጊዜው፣ በጽሑፍና በማስረጃ አመልክቱ። ብቻ ብዕር ከማንሣታችሁ በፊት የተበደለው መራጩ ይሁን የራሳችሁ ኩራት ለይታችሁ እወቁ።

እኔም ያጠፋሁት አለ። የሰፈራችን ቅሬ (እድር) ዳኛ ሲመርጥ እጅ ቆጣሪው እኔ ነበርሁ። ነባሩ ዳኛ በአንድ ድምፅ መሸነፋቸውን ከተናገርሁ በኋላ አንዲት እናት «ያ ሰውዬ እኮ እጁን ያነሣው ጋቢውን ሊያጣፋ ነው» ብለው አሳፈሩኝ። ሽማግሌው ዳኛ ግን ሳይቆጡ፣ «በል ድገመው፤ እናንተም ጋቢያችሁን አስቀምጡ» ሲሉ ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ደግሜ ስቆጥር መጀመሪያ ከዛፉ ግንድ ጀርባ ያላየሁት እጅ ተገኘና አሁንም በአንድ ጎደላቸው። መዝገቡንና የድንኳኑን ማስቀመጫ ቁልፍ ለተተኪያቸው አስረከቡ፤ ከዚያም ወደ ዕቃ ቤቱ ይዘውት ገብተው የትኛው የድንኳን ካስማ እንደተሰበረ ያሳዩት ጀመር።