ጊታሩን አዘፍኑት

ባለፈው ሰሞን አንድ ወጣት ጊታሪስት ስቱዲዮ መጣ። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ጣቶቹ ይበራሉ። ላፕቶፑን ከፍቶ የራሱን ቅንብር አሰማኝ። አርባ ምናምን ትራክ ደርድሯል፣ ሶሎው ከጫፍ እስከ ጫፍ እረፍት የለውም። ሲያልቅ "እስቲ ዜማውን በአፍህ አዚምልኝ" አልኩት። ትንሽ ሞከረና ተወው። ይቺን ደብዳቤ ለእናንተ ለወጣት ሙዚቀኞች ልጻፍ ያሰኘኝ እሱ ነው።

በድምፅ ቀረጻ ሥራ ላይ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። እኛ አገር ዘፋኝ የሌለበትን ሙዚቃ ሁሉ "ክላሲካል" እንለውና ካፌ ውስጥ ከወሬ ሥር እንከፍተዋለን፣ ወይ ሬዲዮ ላይ ክፍተት እንሞላበታለን። እኔም እንደዚያው ነበር የማየው። ሐሳቤን ያስቀየሩኝ በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ በእንግሊዝና በአሜሪካ የነበሩት ዘፋኝ አልባ የሮክ ባንዶችና ጊታሪስቶች ናቸው (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፍላችሁ)። በወጣትነቴ አላውቃቸውም ነበር። ከኋላ የመጡት ቢትልስና መሰሎቻቸው ሸፍነዋቸዋል። አንድ ወዳጄ በፍላሽ ገልብጦ ሰጠኝ፣ ሌሊት በጆሮ ማዳመጫ ሰማኋቸው፣ በቃ ያዙኝ።

ሻዶውስ በተባለው የእንግሊዝ ባንድ ጀምሩ። "አፓቺ" የተባለውን፣ የ1960ውን። ደራሲው ጄሪ ሎርዳን መጀመሪያ ለባንዱ ያሰማቸው በዩኩሌሌ፣ በዚያች ትንሽ ባለ አራት ክር መሣሪያ ነው። ከዚያች የወጣ ዜማ በእንግሊዝ ለአምስት ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ። ስትሰሙት መጀመሪያ ከበሮውና የአኩስቲክ ጊታሩ ምት ይመጣሉ፤ ከዚያ የሃንክ ማርቪን ሊድ ጊታር ቀስ ብሎ ይገባል። የተጫወታቸውን ኖታዎች ቁጠሯቸው። ብዙ አይደሉም፣ ከእናንተ አብዛኛው በሳምንት ልምምድ ያወጣዋል። እንደ እሱ ማሰማት ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ ሐረግ ይጫወትና ይተዋል፣ ልክ ዘፋኝ ትንፋሽ እንደሚወስደው፤ በዚያች ክፍተት ውስጥ የኢኮ ማሽኑ የቀረውን ድምፅ እየመለሰ ይመጣል። ያቺን ዝምታ ስሙልኝ። ከዚያ ደግማችሁ ክፈቱትና የጄት ሃሪስን ቤዝ ብቻ ተከተሉ፣ በሦስተኛው የብሩስ ዌልችን ሪትም ብቻ። አራት ሰው እንዴት እርስ በርሱ ቦታ እንደሚለቃቀቅ ያኔ ይገባችኋል። ራፕ የምትወዱ ደግሞ ይህን ዜማ ሳታውቁት ታውቁታላችሁ። ኢንክሬዲብል ቦንጎ ባንድ በ1973 እንደገና ሠርቶታል፣ የኒውዮርኩ ብሮንክስ ሰፈር ዲጄዎች ከበሮውን እየደጋገሙ ያስጨፈሩት ያንን ነው።

"ዕቃ የለንም" ስትሉ ሁሌ እሰማለሁ። እውነት ነው፣ ይከብዳል። ግን የአሜሪካዊውን ጊታሪስት የዱዌን ኤዲን ጊታር ስሙ። ፊኒክስ ከተማ የቀረጹበት ስቱዲዮ የኢኮ ክፍል አልነበረውም። ስለዚህ 7,500 ሊትር ገደማ የሚይዝ የውሃ ታንከር አመጡ፤ የእኛን ሮቶ አስቡት፣ ግን ከብረት የተሠራና በጣም ትልቅ። በአንድ በኩል ስፒከር፣ በሌላው ማይክ አስገቡበት። ያ ሰፊ፣ የሚያስተጋባ ድምፅ ከዚያ ነው የመጣው። ሌላው አሜሪካዊ ጊታሪስት ሊንክ ሬይ ደግሞ ጊታሩ እንዲሻክርለት ስፒከሩን በእርሳስ ቀዶታል። ቬንቸርስ የተባለውን የአሜሪካ ባንድ የመሠረቱት ሁለቱ ልጆች የግንባታ ሠራተኞች ነበሩ፣ ያገለገለ ጊታር ገዝተው የተማሩ። ሸክላቸውን ያወጡላቸው የአንዱ እናት ናቸው፣ እዚያው ባቋቋሙት ትንሽ አሳታሚ። "ዎክ፣ ዶንት ረን" በ1960 አሜሪካ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ደረሰ።

ከሁሉ ልቤን የሚነካው ግን እንግሊዛዊው ድምፅ ቀራጭ ጆ ሚክ ነው፣ ምናልባት የሙያ ባልደረባዬ ስለሆነ። ለንደን ሆሎዌይ ጎዳና ላይ፣ ከቆዳ ዕቃ መሸጫ በላይ ያለ ቤት ተከራይቶ ስቱዲዮ አደረገው። ገመድ በየክፍሉ፣ ዘፋኝ መታጠቢያ ቤት ውስጥ። መሣሪያ መጫወት አይችልም፣ ኖታ አያነብም፣ ዜማውን እያንጎራጎረ ነው ለሙዚቀኞቹ የሚነግራቸው። በ1962 ቴልስታር የምትባል ሳተላይት ስትመጥቅ ጊዜ በእሷ ስም ሙዚቃ ሠራ፣ የተጫወተው ቶርኔዶስ የተባለ ባንድ ነው። በዚያው ዓመት በእንግሊዝም በአሜሪካም አንደኛ ወጣ። የሚጮኸው ኪቦርድ ክላቪዮላይን ይባላል፣ ትንሽ፣ ቀጭን ድምፅ ያለው መሣሪያ። ከዛሬ ሶፍትዌራችሁ ጋር አይወዳደርም። ግን ስሙት፣ ወደ ላይ ይዟችሁ ይሄዳል። ከዚያ ሥራ የሚገባውን ገንዘብ በክርክር ምክንያት ሳያገኝ በ1967 ሞተ፤ ፍርድ ቤት የወሰነለት ከሞተ በኋላ ነው። ሥራችሁን በስማችሁ አስመዝግቡ፣ ውላችሁን ጽፋችሁ አስቀምጡ ብዬ የምጨቀጭቃችሁ ለዚህም ነው።

አንድ ነገር ከራሴ ልንገራችሁ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ክራር ተጫዋች መጥተው ነበር፣ በዕድሜ የገፉ ሰው። ጣታቸው ክሩን ሲነካ ትንሽ ኮሽታ ይሰማል። እሱን ለማጥፋት አምስት ጊዜ አስደገምኳቸው። አምስተኛው ንጹህ ሆነ። አዳምጠው ሲጨርሱ "ጥሩ ነው ልጄ፣ ግን እኔ አይደለሁም" አሉኝ። የመጀመሪያውን ቅጂ ደምስሼው ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አሁን በእነዚያ የድሮ ሸክላዎች ላይ የጣት ኮሽታ ወይም የጊታር ድምፅ ማጉያ ጉርምርምታ በሰማሁ ቁጥር እሳቸው ትዝ ይሉኛል። እባካችሁ የመጀመሪያውን ቅጂ አታጥፉ።

ለዚያ ወጣት "አፓቺ"ን ሰጥቼ ሸኘሁት። ሌላ ምንም አትጫወት፣ በአፍህ እስክታዜመው ድረስ ጊታርህን አትንካ አልኩት። ማክሰኞ ተመልሶ መጣ። በር ላይ ቆሞ፣ ቦርሳውን እንኳን ሳያወርድ ጀመረልኝ። ሁለተኛው ሐረግ ላይ ሲደርስ ቆመ። የረሳው መስሎኝ ነበር። ለካ ክፍተቷን እየጠበቀ ነው።