በጥቅምት እንቁራሪትና እባብ ለማየት ጎንደር ለምትመጪው እህቴ

«ጥቅምት ላይ ከልጄ ጋር ጎንደር እመጣለሁ፤ እንቁራሪትና እባብ የት፣ በስንት ሰዓት እናያለን?» ብለሻል። እኔ በዚህ ነገር ጣቴን ከፍዬበታለሁና ልንገርሽ።

1. ለእንቁራሪት ማታ ከ1 ሰዓት በኋላ ውጪ። በክረምት ድምፃቸው ይመራሻል፤ በጥቅምት ዝናቡ ስለሚያቆም በዓይን ነው የምትፈልጊው። አንገረብና ቀሃ ወንዞች ዳር፣ ውሃው ሲጎድል የቀሩትን ኩሬዎች እዪ። ባትሪውን ጆሮ ግንድሽ ላይ አስጠግተሽ አብሪ፤ ዓይናቸው መልሶ ያበራል። ዝቅ አድርገሽ ከያዝሽው አታዪውም። ይሄን ማንም አልነገረኝም፣ ራሴ ነው የደረስኩበት። ልጁ ጉርጥ ከነካ እጁን ይታጠብ።

2. እባብ ጠዋት ነው። ሌሊቱን በርዶት ስለሚያድር 3 እና 4 ሰዓት ላይ ካብ ላይ ወይ መንገድ ዳር ፀሐይ ይሞቃል።

3. እጅሽን ወደማታዪው ቦታ አትስደጂ! የዛሬ አራት ዓመት ማሳ ልሻገር ብዬ ካብ ያዝኩ። እፉኝት ነበረች። እፉኝት እንደሌላው እባብ ቶሎ አትሸሽም፤ ደረቅ ሳርና አፈር መስላ ዝም ትላለች። አመልካች ጣቴን ነደፈችኝ። ጓደኛዬ ደንግጦ ክንዴን በጫማ ክር ጥርቅም አድርጎ አሰረው፣ ጣቴን በምላጭ በጣው። አልፈርድበትም፣ ሊያድነኝ ነው። የሄድንበት ጤና ጣቢያ ግን ዛሬም ያናድደኛል። እጄ እንደ ዳቦ ተነፍቶ ካርድ የምታወጣው ሴትዮ ቀና ብላ ሳታየኝ «ተራህን ጠብቅ» አለችኝ። አንድ ሰዓት ሙሉ ጠብቀን «መድኃኒቱ የለም» ተባልን። በር ላይ ቢነግሩን ምን ነበረበት? ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ የተቆጣው በክሩና በምላጩ ነው፤ የእፉኝት መርዝ ሥጋ ይጎዳል፣ ደም ሲታገድ ደግሞ ይብሳል። ጣቴ እስከ ዛሬ አይታጠፍም።

ስለዚህ ከመውጣትሽ በፊት መድኃኒቱ የት እንዳለ ደውለሽ አጣሪ። ከተነደፋችሁ ማሰር የለም፣ መብጣት የለም። ቀለበትና ሰዓት አውልቂ፣ እጁን በነጠላ ደግፈሽ ሳይንቀሳቀስ በቀጥታ መድኃኒቱ ወዳለበት። እባቡን ልግደል ብሎ ጊዜ ማጥፋትም ይቅር።

ሰሜን ተራሮችን ለዚህ ብለሽ አትውጪ፤ በዚያ ከፍታ የጥቅምት ብርድ ከባድ ነው፣ ለዋልያና ለጭላዳ ሂጂ።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፣ እኔ ግን ዛሬም እወጣለሁ። ባለፈው ዓርብ ማታ ቀሃ ዳር አንዲት ትንሽ እንቁራሪት አገኘሁ፤ ከአፍንጫዋ ጀምሮ ጀርባዋን ለሁለት የሚከፍል አረንጓዴ መስመር አላት፣ ጉሮሮዋ ቱር ቱር ይላል። ልጅሽ ይሄን እንዲያይልኝ እፈልጋለሁ። ስትመጪ ጻፊልኝ፣ ቦታውን አሳያችኋለሁ። ብቻ ለሁለታችሁም ቦቲ ያዢ።